ጆሮ ሲሳሳት ዓይንም ይከተላል

በጨለማ ሌሊት ወይም በደመና ውስጥ የሚበር አብራሪ አድማሱ ከተሰወረበት፣ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ይሂድ ወይም ወደ ጎን ያዘንብል በሰውነቱ ስሜት ብቻ ለይቶ ማወቅ አይችልም። ይህ የአቅጣጫ ስሜት መዛባት ዘወትር የጆሮ ጉዳይ ተደርጎ ይነገራል፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚያሰጋው በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጫና ነው ባይ ነኝ።

በውስጠኛው ጆሯችን በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቅስት ቱቦዎች አሉ፤ ጭንቅላት መዞር ሲጀምር ፈሳሹ ወደ ኋላ ስለሚቀር መዞራችን ይሰማናል። ዙሩ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ከቀጠለ ግን ፈሳሹ ከቱቦው ጋር እኩል መሄድ ይጀምርና ስሜቱ ይጠፋል። ሐዋሳ ውስጥ በማስተምርበት የፊዚክስ ክፍል አንድ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ በሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ላይ ተቀመጠና ጓደኞቹ በእኩል ፍጥነት አዞሩት። ጥቂት ቆይቶ፣ ገና እየዞረ ሳለ፣ «ቆመ» አለ፤ በእርግጥ ሲያቆሙት ደግሞ «አሁን በተቃራኒው እያዞራችሁኝ ነው» አለ። ዓይኑን ገልጦ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እንዲያነብ ስጠይቀው የዓይኑ ብሌን ወደ ጎን እየዘለለ መስመሩን መያዝ አቃተው። አብራሪውም መለኪያዎቹን በጥንቃቄ ማንበብ በሚገባው በዚያው ቅጽበት የሚገጥመው ይኸው ነው። በዚህ ላይ ጭንቀት ሲጨመር ትኩረቱ በአንድ መለኪያ ላይ ተተክሎ ሊቀርና ሌሎቹ ሊረሱ ይችላሉ።

ዙሩ እጅግ አዝጋሚ ሲሆን ደግሞ ጆሮ ከመጀመሪያውም አይነቃም። ግንቦት 2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ የኬንያ አየር መንገድ ቦይንግ 737-800 ከካሜሩን ዱዋላ በሌሊት ተነሥቶ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ሲከሰከስ፣ ተሳፍረው የነበሩት 114 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አውሮፕላኑ ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል አውሮፕላኑን በራሱ የሚመራው መሣሪያ (ኦቶፓይለቱ) አልበራም ነበር፤ የምርመራ ሪፖርቱም በዚያ ሁሉ ጊዜ መለኪያዎቹ እንዳልተቃኙ ገልጿል። የማዘንበል ማስጠንቀቂያው ሲጮህ አብራሪው መሪውን መጀመሪያ ያዞረው ወደዚያው ወደ ቀኝ ነበር። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይሰበራል፤ ሰውነቱ የነገረውን አምኗልና።

ስለዚህ «አብራሪው ተሳስቷል» ብሎ ማለፍ ለእኔ በቂ አይደለም፤ ማንም ጤነኛ ሰው በዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ እንዲሁ ይሰማዋልና። የሚጠቅመው፣ ምንም የተለየ ስሜት በሌለበት ሰዓትም ቢሆን ዓይን የአውሮፕላኑን ማዘንበል ከሚያሳየው መለኪያ፣ ከሰው ሠራሽ አድማሱ፣ ጀምሮ ፍጥነትን፣ ከፍታንና አቅጣጫን አይቶ ወደዚያው እንዲመለስ የሚያደርግ ልማድ ነው። ይህም በሥልጠና ጊዜ አንዴ ተምረው የሚተዉት ሳይሆን፣ በየጊዜው በሲሙሌተር (በረራን አስመስሎ በሚያሳይ የመለማመጃ መሣሪያ) ውስጥ ስሜት እየተዛባ ሊለማመዱት የሚገባ ነው።