ትሬይለርን በካታሊቲክ ማሞቂያ ማሞቅ፦ እስካሁን የተያዘ ልምድ

ከመብራት መስመር ርቆ በረሃ ላይ ለሚከርም ትሬይለር (በመኪና የሚጎተት መኖሪያ) የሌሊት ብርድ ዞሮ ዞሮ የባትሪ ጉዳይ ነው። ትሬይለሩ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ማሞቂያ፣ ፈርነስ፣ ጋዝ ያቃጥላል፤ ሙቀቱን የሚያሰራጨው ግን በ12 ቮልት የሚሠራ ማራገቢያ ነው። ማራገቢያው 7 አምፒር የሚስብ ከሆነና ከ10 ሰዓት ሌሊት ግማሹን ከሠራ 35 አምፒር-ሰዓት ሄደ ማለት ነው። 100 አምፒር-ሰዓት የሚባል የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ብቻ ነው። ጋዝ ያለ ነበልባል የሚያቃጥለው ካታሊቲክ ማሞቂያ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው፤ ኤሌክትሪክ አይነካም፣ ድምፅ የለውም፣ ከጋዙም ጥቂት ይበቃዋል። አሪዞና ውስጥ ኳርትዝሳይት አካባቢ፣ ከመስከረም 15 እስከ ሚያዝያ 15 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ለረጅም ቆይታ በተፈቀደው የመንግሥት መሬት ላይ የሚከርሙ ብዙ ትሬይለሮች የሚጠቀሙት በዚሁ ነው።

አሠራሩን መረዳት ኋላ ለሚመጣው ሁሉ ይጠቅማል። ፕሮፔኑ ከጀርባ ገብቶ ፕላቲነም በተቀባ የፋይበር ፓድ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። ፕላቲነሙ ጋዙንና የአየሩን ኦክስጅን ያለ ነበልባል ያዋህዳቸዋል፤ ቃጠሎ መሆኑ ግን አይቀርም። ሙቀቱ እንደ ጠዋት ፀሐይ በጨረር ነው የሚመጣው፦ ከፊቱ ያለውን ሰው፣ ወንበርና ወለል ቀድሞ ይነካል፣ አየሩ ኋላ ይደርሳል። ስለዚህ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ወይም ከአልጋ ጥግ ተደብቆ የተቀመጠ ማሞቂያ ጋዝ ይበላል እንጂ ማንንም አያሞቅም። ቦታው ዝቅ ያለ፣ ፊቱ ሰው ወደሚቀመጥበት የዞረ፣ ከፊቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ባዶ የሆነ ይሁን። መጋረጃና ተንጠልጥሎ የሚደርቅ ልብስ አጠገቡ እንዳይደርስ። ለጎንና ለላይ የሚያስፈልገው ርቀት በመሣሪያው መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ እሱን በሜትር እየለኩ መከተል ነው።

መጠን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በብዛት የሚታየው ኦሊምፒያን ዌቭ የተባለው ምርት በሦስት መጠን ይመጣል፦ ዌቭ 3 ከ1,600 እስከ 3,000፣ ዌቭ 6 ከ3,200 እስከ 6,000፣ ዌቭ 8 ከ4,200 እስከ 8,000 ቢ.ቲ.ዩ. (የሙቀት መለኪያ) በሰዓት። በዋት ሲታሰብ 3,000 ቢ.ቲ.ዩ. ማለት 880 ዋት ገደማ ነው፤ ከሱቅ የሚገዛው ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 1,500 ዋት ስለሆነ ከእሱ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። «ትልቁን ገዝቼ ዝቅ አድርጌ እጠቀማለሁ» የሚለው ሐሳብ አያዋጣም። ዌቭ 8 ዝቅ ብሎ እንኳ 4,200 ነው፤ ትንሽ ትሬይለር ውስጥ ያፍናል፣ ሰውም ያጠፋል፣ ሲበርደው እንደገና ያበራል። በየማስነሻው ደግሞ ፓዱ እስኪግል ድረስ ያልተቃጠለ ጋዝ ጥቂት ይወጣል። ለ5 ወይም ለ6 ሜትር ትሬይለር፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ብዙ በማይወርድበት ቦታ፣ የእኛ ምርጫ ዌቭ 6 ነው። ለመኝታ ጥግ ብቻ ከሆነ ዌቭ 3 ይበቃል።

የጋዙ ሒሳብ ቀላል ነው፣ ግን በሚዛን መሠራት አለበት። አንድ ፓውንድ ፕሮፔን 21,500 ቢ.ቲ.ዩ. ያህል ይሰጣል። ሲሊንደሩ አንገት ላይ ከ«ቲ ደብልዩ» ቀጥሎ የተቀረጸው ቁጥር የባዶው ክብደት ነው፤ በ20 ፓውንዱ ሲሊንደር ላይ ብዙውን ጊዜ 17 አካባቢ ይሆናል። ሚዛኑ 27 ካለ የቀረው ጋዝ 10 ፓውንድ ነው፣ ይህም 215,000 ቢ.ቲ.ዩ.፤ በ3,000 ሲካፈል 71 ሰዓት። ሙሉ 20 ፓውንድ በዚሁ መጠን 143 ሰዓት ያሠራል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ባዶውን መልሰው በሙሉ የሚለውጡባቸው ቦታዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት 15 ፓውንድ የተሞላ ሲሊንደር ነው። ማስሞላት ያዋጣል።

እዚህ ላይ አገር ቤት ቡታጋዝ ለለመደ ሰው የሚሆን ማስታወሻ። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ በታች ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይተናል። በብርድ አገር ሲሊንደሩ ውጭ ቆሞ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ምንም ሰበብ የለም።

መስመሩ

ዌቭ የሚሠራው በዝቅተኛ ግፊት ነው፦ 11 ኢንች የውኃ ዓምድ፣ ማለትም 0.4 ፒ.ኤስ.አይ. (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ገደማ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት በሞቃት ቀን ከ100 ፒ.ኤስ.አይ. ያልፋል። ስለዚህ ማሞቂያው የሚቀጠለው ከትሬይለሩ ሬጉሌተር (ግፊት ቀናሽ) በኋላ ካለው መስመር ላይ ነው፣ ከሲሊንደሩ በቀጥታ በፍጹም አይደለም። መስመሩ ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ይገባል፣ ከቲው ቀጥሎ የራሱ መዝጊያ ቫልቭ፣ ከዚያ ለጋዝ የተሠራ ቱቦ።

ብዙ የሚያፈሰው መገጣጠሚያው ነው። አፉ በተከፈተ መዳብ የሚገጥመው ፍሌር ምንም ቴፕ አይፈልግም፤ ብረት ከብረት ተጣብቆ ነው የሚዘጋው፣ ቴፕ ሲጠመጠምበት በደንብ እንዳይቀመጥ ያደርገዋል። እየጠበበ የሚሄደው የቧንቧ ጥርስ ግን ለጋዝ የተሠራውን ቢጫ ቴፕ ይፈልጋል። ሲጠብቅ በሁለት ቁልፍ ይሁን፦ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ያዞራል። በአንድ ቁልፍ ብቻ ሲጠብቅ መዳቡ ይጠመዘዝና ራቅ ብሎ፣ ማንም በማያየው ቦታ ይሰነጠቃል።

ከዚያ የሳሙና አረፋ። አሞኒያ ያለበት ሳሙና ነሐሱን ስለሚሰነጥቅ ተራ የሳህን ሳሙና ይሻላል። አረፋው መገጣጠሚያው ዙሪያ ይቀባና አንድ ደቂቃ ይታያል። የሚያድግ አረፋ ካለ ያፈስሳል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ከሆነ ደህና ነው። ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ያለው ሰው ሲሊንደሩን ዘግቶ፣ መስመሩን ወደ 8 ኢንች አውርዶ፣ 3 ደቂቃ ያያል፤ መርፌው ከወረደ ፍለጋው ይቀጥላል። ይህን ክፍል እጁ ያልለመደ ሰው ለጋዝ ባለሙያ ይስጠው፤ የሚያወጣው ገንዘብ አያስቆጭም።

ማስነሳት

ቁልፉ ወደ ማስነሻው ይዞራል፣ ተጭኖ ይያዛል፣ የብልጭታው ቁልፍ ይመታል። መጀመሪያ ፓዱ ላይ እውነተኛ ነበልባል ይታያል፤ አትደንግጡ፣ ጤናማ ነው። ሙቀት ሲሰማው ጋዙን ክፍት የሚያቆየው ቴርሞካፕል እስኪሞቅ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል ተጭኖ መቆየት አለበት። ቶሎ የለቀቀ ሰው «ተበላሽቷል» ይላል፤ የተበላሸ ነገር የለም። ነበልባሉ ከመሃል ወደ ዳር እየሳሳ ይሄዳል፣ በስተመጨረሻ ይጠፋል፣ ፓዱም በጨለማ ሲታይ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሊሆን ይችላል። ወደ ዝቅተኛው የሚወርደው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በከፍተኛው ከሠራ በኋላ ነው። ሳይግል ወደ ዝቅተኛ የወረደ ፓድ ግማሽ ጎኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ ጎን ያልተቃጠለ ጋዝ ይሸታል።

ከሩብ ሰዓት በኋላም ነበልባል ካለ፣ ወይም ሽታው ካልጠፋ፣ ጉዳዩ ከሁለት አንዱ ነው፦ ግፊቱ ልክ አይደለም ወይም ፓዱ አልቋል። ግፊቱን መጀመሪያ ለኩ፤ ከፓዱ ርካሽ ነው።

አየር

ከሰል ቤት አስገብቶ መተኛት ምን እንደሚያመጣ አበሻ የሚያስረዳው አይፈልግም። ካታሊቲኩ ጭስና ነበልባል ስለሌለው ግን ያዘናጋል። ማሞቂያው የሚተነፍሰው ሰው የሚተነፍሰውን አየር ነው፣ ጭስ ማውጫ የለውም፣ የሚያወጣው በሙሉ ውስጥ ይቀራል። በ3,000 ቢ.ቲ.ዩ. በሰዓት 63 ግራም ፕሮፔን ይቃጠላል፤ ከእሱ 190 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ በሊትር ከ100 በላይ። 25 ሜትር ኩብ የሆነ ትሬይለር ሙሉ በሙሉ ቢታሸግ በአንድ ሰዓት ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ከውጭው አየር ወደ አሥር እጥፍ ይደርሳል። ኦክስጅኑ እያነሰ ሲሄድ ደግሞ ቃጠሎው ይጓደላል፣ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የሚመጣው ያኔ ነው።

ስለዚህ ሁለት ቀዳዳ፦ አንዱ ዝቅ ያለ መስኮት፣ ሌላው የጣሪያው መተንፈሻ። አንድ ብቻ ከሆነ አየሩ አይዞርም። ስፋቱ በመመሪያው ላይ ለየመጠኑ ተጽፏል፤ በዓይን ግምት አይሆንም። «የከፈትኩትማ ሙቀቱ ይወጣብኛል» የሚል ሰው ይህ መሣሪያ አይሆነውም። ከፍታም ይቆጠራል፦ የአሪዞናዋ ፍላግስታፍ ከተማ 2,100 ሜትር ላይ ነች፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አያንስም፣ እዚያ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ያነሰ ነው።

አላርሙ ላይም አንድ ያልተለመደ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው የቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም በ70 ፒ.ፒ.ኤም. (ከሚሊዮን እጅ 70) እንዲጮህ የሚጠበቀው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ራስ ምታት ከእሱ ሊቀድም ይችላል። ከ30 በታች ያለውንም በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ቢጨመር ይሻላል፣ በመኝታው ከፍታ ላይ። የጋዝ ፍሳሽ አላርሙ ደግሞ ወለሉ አጠገብ ነው ቦታው፤ ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል፣ እንደ ውኃ ወደ ታች ይሄዳል። የእኛ አቋም ግን ከአላርሙ ይቀድማል፦ ከመተኛት በፊት ማሞቂያው ይጠፋል፣ ጠዋት ይነሳል፣ ሌሊቱ የብርድ ልብስ ነው።

ውኃው

ብዙ ሰው የሚማረው በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ ፍራሹን ሲያነሳ። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ውኃ ይወጣዋል። በ3,000 ቢ.ቲ.ዩ. ለ10 ሰዓት የሠራ ማሞቂያ አንድ ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ቤት ውስጥ አፍስሷል፤ የሰው ትንፋሽና የሚፈላው ሻይ ሳይቆጠር። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ነገር ይፈልጋል፦ የመስኮት መስታወት፣ የአልሙኒየም ፍሬም፣ የቁም ሳጥን ጀርባ፣ ከሁሉ በላይ በፍራሹና በእንጨቱ መካከል ያለው ቦታ። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሻጋታው ጀምሯል።

የሠራው መላ ፍራሹን ከእንጨቱ ማንሳት ነው። ቀጫጭን እንጨት በ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይደረደራል፣ አየር በሥሩ ያልፋል። ቁም ሳጥኖቹ ሌሊት ተከፍተው ያድራሉ። እርጥበት የሚመጥጠው የኬሚካል ባልዲ ለቁም ሳጥን ይረዳል፣ በየቀኑ ለሚወጣ ሊትር ግን አይደርስም። መስኮት ላይ የሚለጠፈው የሚያብረቀርቅ መሸፈኛ መስታወቱን ከውስጥ አየር ይለያል፤ ጠርዙ ክፍት ከቀረ ግን እንፋሎቱ ከኋላው ገብቶ ይንጠባጠባል።

ካታሊቲኩ የማያደርገው ነገርም አለ። ፈርነሱ በብዙ ትሬይለሮች ውስጥ ወለሉ ሥር ያሉትን ቱቦዎችና ታንኮች ጭምር ያሞቃል። ካታሊቲኩ ክፍሉን አሙቆ የወለሉን ሥር ለብርዱ ይተወዋል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚቆይ ከሆነ ፈርነሱ በትንሹም ቢሆን መሥራት አለበት፣ ወይም ውኃው አስቀድሞ ከመስመሩ መውጣት አለበት።

ፓዱን የሚገድለው

አቧራ፣ የውሻ ጸጉር፣ የመጥበሻ ዘይት፣ የጸጉር ስፕሬይ። ሲሊኮን ያለበት ማንኛውም ስፕሬይ ፕላቲነሙን ይመርዛል፣ ያ ቦታ ዳግም አይሠራም። በቫኪዩም መሳብ፣ በአየር መንፋት፣ በጨርቅ መጥረግ ፋይበሩን ይበጥሳል፤ አይነካም። ሲጠፋና ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ መሸፈኛው ይደረግበት፣ በበጋም እንደዚያው። ያገለገለ ማሞቂያ የሚገዛ ሰው መሸፈኛው አብሮ መኖሩን ይጠይቅ፤ ከሌለ ፓዱ እንዴት እንደተያዘ ገመቱት።

ቀጥሎ የሚሞከረው የእርጥበት መለኪያ ነው፣ አንዱ በሳሎኑ አንዱ ከፍራሹ ሥር፣ የጣሪያው መተንፈሻ ምን ያህል ሲከፈት ከ50 በመቶ በታች እንደሚይዝ ለማየት።