ከጊዮርጊስ እስከ ዘጌ፦ ጃፓንኛ አፍ የሚፈታበት መንገድ

ጃፓንኛ ተምረው፣ ፊደሉን ለይተው፣ ሰዋስዉን አብጠርጥረው ካወቁ በኋላ፣ ጃፓናዊ ፊታቸው ሲቆም አፋቸው የሚተሳሰር ተማሪዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ቃላት ያነሳቸው እየመሰላቸው ሌላ ቃል ሲሸመድዱ ይከርማሉ። የሚያስራቸው ግን ይሉኝታ ነው፤ «ተሳስቼ ብናገር ምን ይሉኛል» የሚለው ሐሳብ። ፈተናውም ቢሆን እንዲናገሩ አያስገድዳቸውም። ዓለም አቀፉ የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና፣ ጄኤልፒቲ፣ ከኤን 5 እስከ ኤን 1 ባሉት አምስት ደረጃዎቹ ሁሉ ቃላትን፣ ሰዋስውን፣ ንባብንና ማዳመጥን ይመዝናል እንጂ የንግግር ክፍል የለውም። ስለዚህ ኤን 4ን አልፎ አንድም ዓረፍተ ነገር ለሰው ሳያሰማ የቀረ ተማሪ ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ይሉኝታን ቁጭ ብሎ በማሰብ ማራገፍ አይቻልም። ሰሚ በሌለበት ድምፅ አውጥቶ መጀመር፣ ከዚያ ሰሚውን አንድ በአንድ መጨመር ያስፈልጋል። ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ለዚህ የታደሉ ናቸው፤ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ሰሚ ይገኛል።

መነሻዬ ማለዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ጀልባ መነሻው የሚወስደው የሐይቅ ዳር መንገድ ነው። በዚያ ሰዓት ዳዊቱን የሚደግም፣ ጸሎቱን የሚያደርስ ሰው ብዙ ስለሆነ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚሄድን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ለዓይን አፋር ተማሪ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም።

እዚህ የሚሠራው አናባቢ ነው። ፊደላችን ሰባት ቤት አለው፤ ጃፓንኛ የሚፈልገው አምስቱን ብቻ ነው፦ ካዕብን፣ ሣልስን፣ ራብዕን፣ ኃምስንና ሳብዕን። የግዕዙ የ«ለ» ወይም የ«ተ» አናባቢ ጃፓንኛ ውስጥ ቦታ የለውም፤ «ተ» ብሎ ማስታወሻ የያዘ ሰው ኋላ «ታ» ይሁን «ቴ» ይጠፋዋል። ሳድስ የሚያገለግለው ለክፍለ ቃል መዝጊያው «ን» እና አናባቢያቸው ለሚዋጥ ድምፆች ነው፤ ሲጻፍ «ዴሱ» የሆነው ሲነገር «ዴስ»፣ «ማሱ» የሆነው «ማስ» ይሆናል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ ፈጽሞ የሉም። «ትሱ»ን «ጹ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ እንደጻፈው ያነበዋል፣ ድምፁም ይፈነዳበታል።

ማጥበቅና ማላላት ግን የእኛ ሀብት ነው። «ኪቴ» ላልቶ «መጥቶ»፣ ጠብቆ «ቴምብር» ነው፤ ብዙ የውጭ ተማሪ የሚቸገርበትን ይህን ልዩነት አማርኛ ተናጋሪ ከእናቱ ጋር ተምሮታል። የሚያስቸግረን የአናባቢ ርዝመት ነው። «ኦባሳን» አክስት፣ «ኦባኣሳን» አያት ናት። የመጀመሪያው አራት ምት (ኦ-ባ-ሳ-ን)፣ ሁለተኛው አምስት ምት (ኦ-ባ-ኣ-ሳ-ን) አለው። እየተራመዱ ለእያንዳንዱ ምት በጣት ጭንን መታ ማድረግ ነው፤ ለ«ን»ም ሙሉ አንድ ምት ይሰጠዋል። ምቱ ካልተጠበቀ ቃሉ ትክክል ሆኖም ሰሚው ይደናገራል፣ ተናጋሪውም ጥፋቱን ከድፍረቱ ይቆጥረዋል።

ወደ ዘጌ የሚወስደው ሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጣና ጠዋት ረጋ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ያስቸግራል። «ወንድሜ፣ ከኋላ በኩል ብቀመጥ ይሻለኛል» ብሎ ሞተሩ አጠገብ ቦታ መያዝ ነው። የሞተሩ ጩኸት ድምፅን ስለሚውጠው ከፊት የተቀመጠው መንገደኛ አንዲት ቃል አይሰማም። ጃፓንኛን በሙሉ ድምፅ መናገር የሚለመደው እዚህ ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ ዓይን አፋር ሰው ሲናገር ድምፁን ይቀንሳል፣ ድምፅ ሲቀንስ «ስ» እና «ሽ» ይጠፋሉ፣ ጃፓናዊውም «ኤ?» ይላል። ተማሪው ይህን ተግሣጽ አድርጎ ይወስደውና ዓረፍተ ነገሩን ከሥሩ መለወጥ ይጀምራል። «ኤ?» ማለት ግን አልሰማሁም ማለት ብቻ ነው። ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ አንድም ቃል ሳይነኩ፣ ከፍ አድርጎ መድገም ይበቃል።

በጀልባው ላይ መጀመሪያ የሚሠራው ሻዶዊንግ ነው። 30 ሰከንድ ያህል የሚሆን ንግግር በስልክ ይጫናል፣ ማዳመጫው በአንድ ጆሮ ብቻ ይገባል፣ ከተናጋሪው ግማሽ ሰከንድ ያህል ወደኋላ ቀርቶ እየተከተሉ ድምፅ አውጥቶ ማለት ነው። ማቆም፣ ወደኋላ መመለስ የለም፤ ያመለጠው ያምልጥ። ያንኑ ቅንጭብ አምስት ጊዜ ካሉት በኋላ ምላስ ራሷ መንገዱን ታውቀዋለች። ቃላቱ ወደ ማጉረምረም ከተለወጡ ቅንጭቡ ፈጥኗልና ፍጥነቱን ወደ 0.75 ማውረድ ነው። በአኒሜ፣ በጃፓን የካርቱን ፊልም፣ ግን መጀመር የለበትም። ገጸ ባሕርያቱ በሻካራ አነጋገር «ኦሬ» (እኔ) እና «ኦማኤ» (አንተ) እየተባባሉ ነው የሚያወሩት፤ የማያውቁትን ሰው «ኦማኤ» ማለት ብልግና ነው። በ«ዴስ» እና በ«ማስ» የሚያልቅ ንግግር ይመረጥ። ለታላቅም ለእንግዳም ያገለግላል፣ ማንንም አያስቀይምም፤ ከፍ ያለውን የአክብሮት ቋንቋ እስኪችሉ አፍን ዘግቶ መጠበቅ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ያዩትን መናገር ነው፣ በተለይ መቁጠር፤ ጃፓንኛ በነገሩ ዓይነት የመቁጠሪያውን ቃል ይለውጣልና። የደንገል ታንኳ ሲያልፍ «ኢሶኦ፣ ኒሶኦ፣ ሳንሶኦ» (የመጀመሪያው «ሶ» ይጠብቃል)። ለዓሣ «ኢፒኪ፣ ኒሂኪ፣ ሳምቢኪ»። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ከታየ፣ ትልቅ እንስሳ ነውና «ኢቶኦ፣ ኒቶኦ»። የመቁጠሪያ ሰንጠረዥ ክፍል ውስጥ ተሸምድዶ በሳምንቱ ይጠፋል፤ ታንኳ እየታየ የተቆጠረ ግን ይሰነብታል።

ሰዋስው ላይ አማርኛ ተናጋሪ ሊፈራ አይገባውም። ግሱ እንደእኛው መጨረሻ ላይ ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው ደግሞ ሥራን በሥራ ላይ የምናያይዝበት መንገድ መመሳሰሉ ነው፦ «ቡና ጠጥቼ፣ ጀልባ ተሳፍሬ፣ ዘጌ ደረስኩ» ለማለት «ኮኦሂኢ ኦ ኖንዴ፣ ፉኔ ኒ ኖቴ፣ ዜጌ ኒ ትስኪማሽታ» ይባላል። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ እንዲያውም ግሱ በእኔ፣ በአንተ፣ በእሱ ስለማይለዋወጥ ይቀላል። በሐሳብ ወደ እንግሊዝኛ ዞሮ ከዚያ ወደ ጃፓንኛ የሚመለስ ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ ይገለብጠዋል፣ ፍርሃቱም በዚያች መዘግየት ውስጥ ይገባል። ከአማርኛ በቀጥታ መሄድ ነው።

ከዘጌ የጀልባ ማቆሚያ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው የእግር መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጫማ ይወለቃል፣ ዝም ይባላል፤ ልምምዱ ወጥቶ ከዛፍ ሥር ነው። ሥዕሎቹን በደንብ አይቶ መውጣትና ከትውስታ መተረክ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ነው፣ «ሺሮይ ኡማ ኒ ኖቴ ኢማስ»፤ ጦር ይዟል፣ «ያሪ ኦ ሞቴ ኢማስ»። ለአንድ ሥዕል አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በስልክ ይቀዳል፣ ግን እዚያው አይደመጥም። የራስን ድምፅ ወዲያው መስማት ያሳፍራልና በማግስቱ ይደመጥ፣ አንድ ጥፋት ብቻ ይታረም፣ ቅጂውም ይቀመጥ እንጂ አይጥፋ።

የአብነት ትምህርት ቤቱን ሥርዓት እዚህ ማስታወስ ይገባል። ልጁ የኔታ ፊት ተቀምጦ ግዕዙን ፊደል በፊደል ይጥላል፣ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ ይደርሳል፤ ሁሉም በድምፅ፣ ሁሉም ጓደኞቹ እየሰሙት። በልቡ አንብቦ የሚያልፍ ተማሪ የለም። የጃፓንኛ አንቀጽም በዚሁ ቢሄድ መልካም ነው፦ መጀመሪያ ምት በምት፣ ቀጥሎ በረጅም ዜማ ቀስ ብሎ፣ በመጨረሻ በንግግር ፍጥነት። ሦስተኛው ላይ ከተደናቀፉ ወደ ሁለተኛው ይመለሱ።

አሁን ሰሚ ይጨመር፤ ለዚህ ቡና አለ። ቋንቋውን አብሮ የሚማር አንድ ጓደኛ ይበቃል። አንድ ርእስ ተመርጦ፣ ለምሳሌ የጠዋቱ መንገድ፣ በአቦል አራት ደቂቃ፣ በቶና ሦስት፣ በበረካ ሁለት ደቂቃ ይወራል፤ ያው ታሪክ፣ ጊዜው ብቻ እያጠረ። በሁለተኛው ላይ መቆራረጡ ይቀንሳል፣ በሦስተኛው አፍ ይፈታል። የሚያበላሸው ዓረፍተ ነገሩን ሙሉ በሙሉ ጽፎ መሸምደድ ነው፤ አንዲት ቃል ስትጠፋ ሁሉም ይፈርሳል። በወረቀት ሦስት ቃላት ብቻ ይያዙ። ቃል ሲጠፋ ዝም አይባልም፤ እኛ «እንትን» እንደምንለው «አኖኦ» ወይም «ኤኤቶ» እያሉ ቦታን መያዝ ነው።

ሰሚውም ሥራ አለው። ተናጋሪውን መሀል አቋርጦ አያርምም፤ አንድ ነገር ጽፎ ይዞ ሲኒው ሲወርድ ይነግረዋል። በየመሀሉ «ሀይ» (አዎ)፣ «ሶኦ ዴስ ካ» (እንደዚያ ነው እንዴ) እያለ መስማቱን ያሳያል፣ ጃፓናውያን ሲያወሩ ይህ ከሰሚ ይጠበቃልና። እኛ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንለው ግን ለጃፓናዊ እንግዳ ነው፤ አንዳች የደነገጥንበት ነገር ያለ ይመስለዋል። ጓደኛ ፊት ካልታረመ እንግዳ ፊት ያመልጣል።

እንግዳ ሲገኝ በመንገድ ላይ በሩቁ «ኮኒቺዋ» ብሎ መጮህ አልወድም። ከምሥራቅ እስያ የመጡ ሰዎች በከተሞቻችን «ቻይና!» እየተባሉ ሲጠሩ ይውላሉ፣ ጥሪው ሁሉ አንድ ይሆንባቸዋል። መጀመሪያ ከየት እንደመጡ በትሕትና ይጠየቁ፤ ከጃፓን ከሆኑ «ስኮሺ ኒሆንጎ ዴ ሃናሽቴ ሞ ኢኢ ዴስ ካ»፣ ጥቂት በጃፓንኛ ባወራ ይፈቅዱልኛል ወይ፣ ይባል። ፈቃድ ያገኘ ሰው ፍርሃቱ በግማሽ ይቀላል። ከዚያ መተዋወቂያው፦ «ሃጂሜማሽቴ»፣ ስም ተጠርቶ «ቶ ሞኦሺማስ»፣ «ዮሮሽኩ ኦኔጋይሺማስ»። ሦስት ማምለጫዎች ደግሞ ከምላስ ጫፍ አይራቁ፦ ድገሙልኝ፣ «ሞኦ ኢቺዶ ኦኔጋይሺማስ»፤ ቀስ ብለው ይናገሩ፣ «ዩኩሪ ሃናሽቴ ኩዳሳይ» («ኩ» ይጠብቃል)፤ በጃፓንኛ ምን ይባላል፣ «ኒሆንጎ ዴ ናን ቶ ኢኢማስ ካ»። ጎበዝ ነህ ሲሉ «ኢኢኤ፣ ማዳማዳ ዴስ» ይመለሳል፤ ገና ነኝ ማለት ነው።

ወሬው ተናጋሪው በደንብ የሚያውቀው ቢሆን ይሻላል። አበበ ቢቂላ በ1964 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲያሸንፍ ያዩ ወይም የሰሙ ጃፓናውያን አረጋውያን ዛሬም አሉ፤ በእነሱ አፍ «አቤቤ» ነው። ሌላው ሩዝ ነው። ከባሕር ዳር በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ሩዝ አብቃይ ነው፣ ወረታ ያለውን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት፣ ጃይካ፣ ደግፎታል። ጃፓንኛ ማሳ ላይ ያለውን «ኢኔ»፣ የተፈለፈለውን «ኮሜ»፣ የበሰለውን «ጎሃን» ብሎ ይለያል። እንጀራን ደግሞ በእርሾው በኩል ማስረዳት ይቀናል፤ «ሃኮኦ» («ኮ» ይጠብቃል) መብላላት ነው፣ ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠሩትን ሚሶና ናቶ የሚበላ ሕዝብ ወዲያው ይገባዋል።

ወደ ከተማ ሲመለሱ ቁጥር ይለማመዱ። በግንቦት 2016 የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ «ሳምብያኩ ሃቺጁኡ ሜኤቶሩ»። መቶ «ህያኩ» ሆኖ ሳለ ሦስት መቶ «ሳምብያኩ»፣ ስድስት መቶ «ሮፕያኩ»፣ ስምንት መቶ «ሃፕያኩ» ይሆናል። በገበያ የተጠራውን ዋጋ ሁሉ በልብ ሳይሆን በአፍ መለወጥ ነው።

እንግዳ ያልተገኘ እንደሆነ በስልክ የቋንቋ ልውውጥ ወዳጅ ይፈለጋል፤ እዚህ ላይ ሰዓታችን ይረዳናል። ጃፓን ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች፣ እኛም ሰዓት የምንቆጥረው ከዓለም አቀፉ 6 ሰዓት ለይተን ነው፤ ስለዚህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ የግድግዳ ሰዓትና የቶኪዮ ሰዓት አንድ ቁጥር ያሳያሉ። ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት እኛ ዘንድ ከምሳ በኋላ ነው፣ እነሱ ዘንድ ከምሽቱ 7 እስከ 9፤ ከሥራ የተመለሰ ሰው የሚገኝበት ሰዓት። ጃፓን ሰዓቷን በበጋና በክረምት ስለማትለውጥ ቀጠሮው ዓመቱን ሙሉ አይዛነፍም። ግማሹ ሰዓት በጃፓንኛ፣ ግማሹ እነሱ በሚፈልጉት ቋንቋ ይሁን። መጀመሪያ ላይ ምስል ሳይከፈት በድምፅ ብቻ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ «ኪኮኤማስ ካ»፣ ይሰማል ወይ፣ ብሎ ካቆሙበት ዓረፍተ ነገር መቀጠል ነው።