ብሮድ ስትሪት ላይ የነበረው ለቅሶ

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ፣ ብሮድ ስትሪት በሚባለው ጎዳና፣ የሮክ ዘፋኙ የኦዚ ኦዝቦርን አስከሬን ሲያልፍ ከሕዝቡ መሃል ቆሜ ነበር። አጠገቤ ክንዱን ሙሉ የተነቀሰ ሽበታም ግዙፍ ሰውዬ እንደ ልጅ ይንሰቀሰቃል። ትከሻውን ያዝ አደረግኩት። "አባቴም የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ኦዚ የኛ ነው!" አለኝ፤ "የኛ" ሲል ደረቱን በቡጢ መታ።

እውነቱን ነው። አስተን በሚባለው የበርሚንግሃም ሰፈር አድጎ፣ በ15 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ፣ ቄራ ሁሉ ሠርቶ ነው ብላክ ሳባዝ ከተባለው የሮክ ባንዱ ጋር ዓለምን ያዳረሰው። ሊሞት 17 ቀን ሲቀረው እንኳ፣ የፓርኪንሰን በሽታ አላስቆም ብሎት፣ እዚያው ሰፈሩ ቪላ ፓርክ ስታዲየም ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነላቸው።

ቤተሰቡ ከመኪና ወርዶ ጎዳናው ላይ በባንዱ ስም በተሰየመው ድልድይ የተከመረውን አበባ ሲያይ ሕዝቡ "ኦዚ! ኦዚ!" እያለ ስሙን ጠራ። እኛ አገር አልቃሽ የሟቹን ሙያ እየጠራች የምታስለቅሰው ትዝ አለኝና እኔም አለቀስኩ። ነፍሱን ይማረው።