የአባቴ ስም

ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ዋለ። እንዲህ ያለ ቀን ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ቅዳሜ ለማኅበራችን ሰዎች ስለ ጂብራን አስር ደቂቃ እንድናገር ጋሽ ተ. ቃል አስገብተውኛል። «ያንን አረብ ባለቅኔ አስተዋውቀን» ነው ያሉት። ወረቀቱ ፊቴ ነው፣ ቡናው ቀዝቅዟል።

እስካሁን የሞነጫጨርኩት ይኼን ነው። በፈረንጆቹ 1883 ሊባኖስ፣ ብሻሪ ተወለደ። በ1895 እናቱ ካሚላ ልጆቿን ይዛ ቦስተን ገባች። አባትየው እዚያው ቀረ። እሷ ጨርቅ ተሸክማ ከደጅ ደጅ እየዞረች ሸጠች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተራራማው ሊባኖስ በረሃብ ሲያልቅ፣ ልጇ ኒው ዮርክ ለእርዳታ ኮሚቴው ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። ይኼኛው ጋሽ ተ.ን ደስ ይላቸዋል፣ ኮሚቴ ይወዳሉ። በ1931 ሲሞት የመጻሕፍቱን ገቢ ለብሻሪ አወረሰ፤ የአገሩ ሰዎችም በገንዘቡ ተጣሉ። ይኼን ግን ላንሳው ወይስ ልተወው? ያለፈውን ዓመት የማኅበራችንን ስብሰባ የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ።

እዚህ ዋሽንግተንም መታሰቢያ አለው፤ በ1991 የተመረቀ፣ ከእንግሊዝ ኤምባሲ ማዶ። ታክሲ ስነዳ ስንቴ አልፌዋለሁ። ማዶ የቆመውን ቸርችልን እንጂ እሱን ልብ ብዬው አላውቅም።

እጄን ያሰረው ግን ስሙ ነው። ጂብራን ኸሊል ጂብራን። የራሱ፣ የአባቱ፣ ከዚያ የቤተሰቡ። የፊተኞቹ ሁለቱ ልክ እንደኛ ናቸው። ቦስተን ትምህርት ቤት ሲመዘግቡት የመጀመሪያውን ጂብራን ጣሉት፣ «ኸሊል»ንም «ካህሊል» አደረጉት። ይኸው እስከ ዛሬ ዓለም በአባቱ ስም ይጠራዋል። ባሕሩን ያልተሻገረው አባት በስሙ አሜሪካ ገባ።

ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ተቀምጬ ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ የአባቴን ስም ጠራች። ብድግ አልኩ። አባቴ ካረፈ 19 ዓመቱ ነው፤ የደም ግፊቱ ግን እዚህ በየሦስት ወሩ ይለካል። ድሮ አርማቸው ነበር፣ «እሱ የአባቴ ነው» እያልኩ። መቼ እንደተውኩት አላስታውስም።

ለነገሩ እነሱን ምን አስወቀሰኝ? ልጄ ስትወለድ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ላይ የአባቴን ስም ጻፍኩ፤ ሦስታችንም አንድ እንድንሆን፣ ኤርፖርት ላይ እንዳያስቸግሩን ብዬ። እማዬ በስልክ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና፣ «እንግዲያው እህት ነው የወለድከው በለኛ» አለችኝ። በአገር ቤት አቆጣጠር ልክ ናት።

ጋሽ ተ. አሁን መልእክት ላኩ። «አቅራቢው ማን ተብሎ ይጻፍ?» ይላሉ። እስካሁን አልመለስኩላቸውም።