ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ በእጅ የሚያልቅ ሥራ

በእኛ አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል፤ አዲሱ ዓመትም የሚገባው ክረምቱ ገና ሳይወጣ ነው። አብዛኞቻችን ግን ዕቅድ የምናወጣው እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶ የደንብ ልብስና የደብተር ወጪ በሚደራረብበት ሰሞን ነው። እኔ ለራሴ ዓላማ የማወጣበትን ጊዜ ወደ ሐምሌ መጀመሪያ ያመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። በሐምሌ ልጆች ቤት ይውላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ ከጎረቤት ጋር ቡና ተጠራርቶ ለመቀመጥም ጊዜ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ጳጉሜ ከፊት ለፊት ስለሚታይ፣ የተጀመረው ነገር መቼ ማለቅ እንዳለበት አስታዋሽ አያስፈልገውም።

ዓላማ ስል «ዘንድሮ ክረምቱን በሥራ አሳልፋለሁ» ወይም «ራሴን አሻሽላለሁ» የሚለውን ዓይነት ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለው ቃል መልካም ምኞት ቢሆንም መፈጸሙም ሆነ መቅረቱ አይታወቅም። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድን ነገር ለማድረግ መወሰን ብቻውን ሩቅ እንደማያደርስ፣ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜውንና ቦታውን አስቀድሞ መወሰን ግን ለመፈጸም በእጅጉ እንደሚረዳ አስረድቷል። ሐረር ላይ ይህን ማድረግ አያስቸግርም። ቡናው ሲቆላ ወስፌዬን አነሣለሁ ብያለሁ። ቅዳሜ ማለዳ ደግሞ ዝናብ ሳይመጣ በጀጎል ግንብ ዙሪያ እራመዳለሁ፤ የግንቡ ርዝመት ከሦስት ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነውና ከሸዋ በር ተነሥቶ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በርና በፈላና በር ዞሮ ቁርስ ሳያልፍ መመለስ ይቻላል።

የዘንድሮው ዋና ዓላማዬ አንድ ትንሽ የስንደዶ ስፌት ከመሃሉ እስከ ጠርዙ በራሴ እጅ መጨረስ ነው። ሐረር ተወልዶ ያደገ ሰው ስፌትን ከልጅነቱ ጀምሮ በየቤቱ ያየዋል። በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ውስጥ እንግዳ ነደባ በሚባለው ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጦ ቀና ሲል ግድግዳው በቀይ፣ በአረንጓዴና በብርቱካናማ ስፌቶች አጊጦ ይታያል፤ ለሙሽራ የሚዘጋጅ አለ፣ ለአማት የሚሰጥም አለ። ትልቁን ስፌት መስፋት ወራት ስለሚፈጅ ለጀማሪ የሚመቸው ብርጭቆ የሚቀመጥበት ዓይነት ጠፍጣፋ ክብ ነው። ስንደዶው አስቀድሞ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ደረቁን ከታጠፈ ይሰበራልና። ከዚያ ጥቂት አክርማ ውስጥ ተደርጎ በስንደዶ እየተጠቀለለ ይዞራል፤ ወስፌው የቀደመውን ዙር ይበሳል፣ ስንደዶው በቀዳዳው ያልፋል፣ ተስቦም ይጠብቃል። ሥራው ይኸው ነው፤ ይህንኑ ሳይሰለቹ መደጋገም ነው።

ከሁሉ የሚከብደው መሃሉ ነው፤ ዙሩ ገና ጠባብ ስለሆነ ጣት መያዣ ያጣል። መስፋት የሚያስተምሩኝ ጎረቤታችን «ልጄ፣ መሃሉ ላይ አትቸኩዪ፤ እሱ ከጠና ሌላው ይከተልሻል» ይሉኛል። ከመሃሉ ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ስሌት ነው። ክቡ እየሰፋ በሄደ ቁጥር በአንድ ዙር የሚገባው ስፌት ይበዛል፤ ስለዚህ አራት ማዕዘንም ሆነ ኮከብ መሰል ጌጥ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው፣ የቀለሙ ድርሻ ከዙር ወደ ዙር በስንት መጨመር እንዳለበት መቁጠር አለበት። ወረቀት ላይ ሥዕሉን ሳይነድፉ፣ በጨዋታ መካከል ቁጥሩን ሳይስቱ የሚሰፉ እናቶች የያዙት ዕውቀት በትምህርት ቤት ከሚሰጠው የጂኦሜትሪ ትምህርት የሚያንስ አይደለም፤ እኔ ይህን ከልቤ አምናለሁ። አለላ ለማቅለም ግን የክረምቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ስንደዶው በፈላ ቀለም ከተነከረ በኋላ በደንብ መድረቅ ስላለበት ጠዋቱ ጠርቶ የዋለበትን ቀን መጠበቅ ይሻላል፤ እርጥቡን ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይሻግታል።

ስፌት መስፋት የጀመረ ሰው ገበያ ላይ ሲገዛም የሚያየው ነገር ይለወጣል። የዙሮቹን ጥብቀት፣ የጠርዙን አጨራረስ፣ የጀርባውን ጥራት ማየት ይጀምራል፤ ለአንዱ ስፌት የሚጠየቀው ገንዘብ የስንት ከሰዓት በኋላ ልፋት እንደሆነ ስለሚገባውም ዋጋ ለማስቀነስ አንደበቱ አይፈጥንም። ሐረርን ለሚጎበኙ ወገኖች ይህንን ማለት እወዳለሁ፦ ስፌቱን ገልብጡና ጀርባውን እዩ፣ የሰፋችውን ሴት ስንት ጊዜ እንደፈጀባት ጠይቋት፣ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋው ተነጋገሩ።

ለልጆች ስፌት ትዕግሥታቸውን ስለሚፈትን ሌላ ሥራ መፈለግ ይገባል። ለዚህ መኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ የሚሻል ቦታ አላውቅም። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወስደው በዚያ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች ዘንድ የሚጣል ቁርጥራጭ ጨርቅ አይጠፋም፤ በአክብሮት ከተጠየቁ ብዙዎቹ በደስታ ይሰጣሉ። ከቁርጥራጩ የትራስ ልብስ፣ የእርሳስ ቦርሳ፣ ወይም የጨርቅ ኳስ መሥራት ይቻላል። ወንድ ሴት ሳይባል እያንዳንዱ ልጅ በዚህ ክረምት ቁልፍ መትከልና የተተረተረ ጠርዝ መስፋት ቢማር ለዕድሜ ልክ ይጠቅመዋል። ለነሐሴ 13 ቡሄ ደግሞ ቃጫ ፈልጎ ጅራፍ መግመድ አለ። ነሐሴ ሲጋመስ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይጀመራል፤ ልጁ አበባውን በራሱ እጅ ስሎና ቀብቶ ለጎረቤት የሚያበረክተው ሥዕል ከሱቅ ታትሞ ከሚገዛው ካርድ ጋር በፍጹም አይወዳደርም።

ሁለተኛው ዓላማዬ ለአዲሱ ዓመት የምጽፍበትን ደብተር ራሴ መጠረዝ ነው። ይህ ሐሳብ የመጣልኝ በጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ስጎበኝ ነው። እዚያ የተሰበሰቡትን የእጅ ጽሑፎች ያየ ሰው፣ መጽሐፍ ለትውልድ የሚተርፈው በጽሑፉ ብቻ ሳይሆን በጠራዡም እጅ መሆኑን ይረዳል። የቤቱ ሥራ ግን ቀላል ነው። ነጭ ወረቀቶች ለሁለት ታጥፈው በትንንሽ ጥቅል ይደራረባሉ፤ እጥፋታቸው ላይ በወስፌ እኩል በተራራቁ ቦታዎች ይበሳል፤ ክሩ እንዳይላላ በጧፍ ሰም ይታሻል፤ ጥቅሎቹም እርስ በርስ ተያይዘው ይሰፋሉ። ለሽፋኑ ወፍራም ካርቶን ተቆርጦ ከመኪና ግርግር በመጣው ጨርቅ ይለበሳል። ሙጫው እስኪደርቅ ከባድ ነገር ተጭኖበት ማደር አለበት፤ በክረምት እርጥበት ምክንያት አንድ ሌሊት ላይበቃው ስለሚችል ሁለተኛውንም ቢያድር ይመረጣል።

ዘንድሮ ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ሦስቱን አንድ ላይ የጀመረ ሰው ሦስቱንም በጳጉሜ ግማሽ ላይ ያገኛቸዋል። ስፌት የምትመርጡ ደግሞ አሁን በሐምሌ የምትገዙት ስንደዶ አምና የተለቀመ መሆኑን ዕወቁና ሳትገዙ በፊት ጎንበስ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ጫፉ የሚፈረፈረውን ተዉት። አዲሱ የሚለቀመው ዝናቡ ሲያባራ በመስከረም ነው፤ ስፌቱ ጣዕም የሰጠው ሰው ያን ጊዜ የራሱን ስንደዶ ለቅሞ፣ አድርቆና አስሮ ለሚመጣው ክረምት ማስቀመጥ ይችላል።