የኪራይ ደብተሩ እና የተከፈተው ገበያ

አክስቴ በሐዋሳ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ብዙም በማይርቀው ግቢዋ ውስጥ፣ በ2009 ዓ.ም. አምስት ሰርቪስ ክፍሎች አሠራች። ግድግዳቸው ጭቃ፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ፣ ወለላቸው ሊሾ ሲሆን መጸዳጃው የጋራ ነው። ዓይኗ ስለደከመ የኪራይ ደብተሩን የምይዝላት እኔ ነበርኩ፤ ወር በገባ ቁጥር ከክፍል ክፍል እየዞርኩ የከፈለውን በሰማያዊ፣ ያልከፈለውን በቀይ እስክሪብቶ እመዘግብ ነበር። ንግድን ለውጭ ገበያ መክፈት የገቢ ልዩነትን ያጠባል ወይስ ያሰፋል የሚለውን ክርክር ባነበብኩ ጊዜ ሁሉ ሐሳቤ ወደዚያ ደብተር ይመለሳል።

ንድፈ ሐሳቡ ለእኛ ለመሰለ አገር ተስፋ የሚሰጥ ነው። የኢኮኖሚ ምሁራኑ ዎልፍጋንግ ስቶልፐርና ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተሙት ሥራ መሠረት፣ ጉልበት የተትረፈረፈበትና ካፒታል የጎደለበት አገር በሩን ሲከፍት ብዙ ሰው የሚያሠሩ ምርቶችን ወደ ውጭ ስለሚልክ የተራው ሠራተኛ ደመወዝ ከባለካፒታሉ ገቢ አንጻር ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ ፒኔሎፒ ጎልድበርግና ኒና ፓቭችኒክ እ.ኤ.አ. በ2007 የበርካታ ታዳጊ አገሮችን ልምድ ሰብስበው ሲመረምሩ፣ እንደ ሜክሲኮና ኮሎምቢያ ባሉ አገሮች ገበያው በተከፈተባቸው ዓመታት የተማረውና ያልተማረው ሠራተኛ የደመወዝ ልዩነት ሰፍቶ አገኙት። ይህ ለምን እንደሆነ ብዙ ምክንያት ቀርቧል፤ እኔ የማወራው ግን በቅርብ ስላየሁት ስለ አንዱ ብቻ ነው።

ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለ60,000 ሰዎች ሥራ ይፈጥራል ተብሎ ነበር። ስሌቱ በአመዛኙ የተመሠረተው ምርታችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ በሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ በአጎዋ ላይ ነበር። ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከወላይታና ከጌዴኦ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ፌስታላቸውን አንጠልጥለው መጡ። (ሐዋሳ ላይ ሰርቪስ ሁለት ነገር ነው፤ ከዋናው ቤት ጀርባ የሚሠራው ክፍልም፣ ሠራተኛ የሚያመላልሰው አውቶቡስም። ልጆቹ ሳይነጋ ከአንዱ ሰርቪስ ወጥተው ወደ ሌላው ይገቡ ነበር።) የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት መሠረት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የባንግላዴሽ ልብስ ሰፊ የምታገኘው ዝቅተኛ ክፍያ 95 ዶላር ነበር።

ደመወዙ ለምን ከፍ አላለም ለሚለው ጥያቄ የተሻለው መልስ የኢኮኖሚ ምሁሩ የአርተር ሌዊስ ይመስለኛል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ በገጠር ትርፍ ጉልበት እስካለ ድረስ ፋብሪካው ሰው ለማግኘት ሲል ደመወዝ መጨመር አያስፈልገውም፤ አንዷ ስትለቅ ሌላዋ በር ላይ ትጠብቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ ፓርኩ በተስፋፋባቸው ዓመታት ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ የደመወዝ ወለል አልነበረም። የሠራተኛው ቁጥር እንደተፈለገው ይጨምራል፤ ለመኖሪያ የሚሆነው ቦታ ግን አይጨምርም፤ በሊዝ የሚገኘውም መሬት የእነዚህን ልጆች ክፍል ለሚሠራ ተራ ሰው የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ከውጭ ገበያ የመጣው ጥቅም ከስፌት መኪናው ፊት ከተቀመጠችው ልጅ ይልቅ ቀድሞ ግቢ ወደነበረው ሰው ፈሰሰ።

ደብተሩ ይህን በግልጽ ያሳያል። መጀመሪያ በአንድ ክፍል ሁለት ልጆች ነበሩ። ቀጥሎ ሦስት ሆኑ፤ በ2011 ዓ.ም. በአራተኛው ክፍል ስም አራት ስሞች ተጽፈው ይገኛሉ፤ ሁለቱ የቀን፣ ሁለቱ የማታ ፈረቃ ስለነበሩ ሁለት ፍራሽ ለአራት ይበቃ ነበር። አንድ ሰሞን፣ ሳይቀሩ ለሚገቡ ሠራተኞች ጭማሪ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ጭማሪው መከፈሉን ሳላረጋግጥ፣ አክስቴ ከጎረቤት አከራዮች ጋር ቡና ጠጥታ ተመለሰችና «በሚቀጥለው ወር ሁሉም ጨምሯል ብለህ ንገራቸው» አለችኝ። ነገርኳቸው። ከአራቱ አንዷ ድስቱን ከምድጃው ሳታወርድ «እኛ እኮ ገና አላየነውም፣ ጋሼ» አለችኝ፤ የምመልሰው አልነበረኝም፤ አዲሱን ቁጥር በሰማያዊ ጻፍኩ። አክስቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ልጆቹን ጠርታ ታበላለች። ነገር ግን ኪራዩ የሚወሰነው በደግነቷ አልነበረም።

ልጆቹ በዝቅተኛ ደመወዝም ቢሆን ከነበሩበት አይሻሉምን ለሚል ሰው፣ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን እዚሁ ኢትዮጵያ ያደረጉትን ጥናት እጠቅስለታለሁ። አምስት ድርጅቶች ውስጥ ለመቀጠር ካመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል በዕጣ አንዳንዶቹ ሥራውን፣ አንዳንዶቹ የንግድ ሥልጠናና 300 ዶላር ገደማ አገኙ፤ የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ከአንድ ዓመት በኋላ ሥራውን ያገኙት ገቢ ምንም ካላገኙት እምብዛም አልበለጠም፤ አብዛኞቹም ለቅቀው ነበር። ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢ በሲሶ ያህል ጨምሯል። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን በሦስቱም መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ፤ ስለዚህ ፋብሪካን የሚያወግዝም ሆነ የገንዘብ ድጋፍና ሥልጠናን የሚያመልክ ከዚህ ጥናት ሙሉ ማስረጃ አያገኝም።

ይባስ ብሎ የተከፈተልን በር ቁልፉ በእጃችን አልነበረም። አጎዋ በድርድር የተገኘ ውል ሳይሆን ሰጪው ሲፈልግ የሚያነሳው ዕድል ነው። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ምክንያት በኅዳር 2014 ዓ.ም. የፓርኩ ቀዳሚ ባለሀብት የነበረው የአሜሪካው ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች። ስለ ጦርነቱ አንድም ውሳኔ ያላሳለፈች የሃያ ዓመት ልጅ ቅጣቱን ከፈለች። በደብተሩ የዚያ ዓመት ገጾች ላይ ቀዩ ቀለም ከሰማያዊው ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ የአንዳንዶቹ ስም የለም። ፔቲያ ቶፓሎቫ ስለ ሕንድ ያጠናችው እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል፦ እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ ቀረጥ በተቀነሰበት ጊዜ፣ ለቅናሹ ይበልጥ በተጋለጡ የገጠር አካባቢዎች ድህነት የቀነሰው ከሌሎቹ በዘገየ ፍጥነት ነበር፤ ሰዎችም ሥራ ወዳለበት አካባቢና ዘርፍ እንደታሰበው አልተዘዋወሩም። የእኛዎቹም ልጆች ወደ ሌላ ኢንዱስትሪ አልተሸጋገሩም፤ ወደመጡበት ተመለሱ።

ይህን ሁሉ ጽፌ በሩ ይዘጋ የሚሉት ወገን እንዳልሆንኩ መናገር አለብኝ። ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ያገኘ ጥቂት አስመጪ ነበር ያተረፈው፤ በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮና የጅምላ ንግድ ለውጭ ባለሀብት በመመሪያ ሲፈቀድ ብዙ ያልተከፋሁትም ለዚህ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ለላኪው ይህ ተወዳዳሪነት ይባላል፤ የሠራተኛዋ የብር ደመወዝ በዶላር ሲሰላ በግማሽ ገደማ ረክሷልና። እርሷ ግን ዘይት የምትገዛው በብር ነው።

አሁን አራተኛውን ክፍል አንድ የባጃጅ ሹፌር ብቻውን ይዞታል። ባለፈው ወር ደብተሩን ስዘጋ የፋብሪካዎቹ ሥራ ስለቀዘቀዘ ትንሽ ብንቀንስለት ብዬ ለአክስቴ ሐሳብ አቀረብኩ። «ጎረቤቶቼ ሳይቀንሱ?» አለችኝ፤ ከዚያም ቆርቆሮ ስንት እንደገባ ጠየቀችኝ።