ቀድማችሁ ንገሩን

የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለምታጠኑት ነገር ለሕዝብ አዘውትራችሁ ብትናገሩ ብዙ ጭንቀትና ብዙ ጉዳት ይቀርልን ነበር። ይህን የምለው አዳማ ተቀምጬ ነው። የ2017ን የመሬት መንቀጥቀጥ ሰሞን እዚሁ ነው ያሳለፍኩት።

ከመስከረም ጀምሮ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ አላርፍ ብሎ ነበር። ከእኛ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ታኅሣሥ ላይ ባሰበት። ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 26 ሌሊት፣ በሬክተር ስኬል 5.8 ገደማ የተለካው መጣ። አልጋ ተወዛወዘ፣ ቁም ሳጥኑ ተንቋቋ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ልጆቻቸውን አቅፈው በደረጃ ወረዱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ወሬ ግን ከመንቀጥቀጡም በላይ አደከመን። በቴሌግራምና በቲክቶክ የመሬት መንቀጥቀጥ ሰዓት ተቆርጦለት መምጣት ጀመረ። «ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ትልቁ ይመጣል» ይላሉ። ማን አለ? ምሁራን። የትኞቹ ምሁራን? የሚነግርህ የለም። እናቴ የሚሆኑ ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩተው «ልጄ፣ ቤት ውስጥ እንዳታድሩ አሉ እኮ» አሉኝ። በዚያ ብርድ ጋቢ ተከናንበው ግቢ ያደሩ ሰዎች ነበሩ፣ ሕፃናት ጭምር።

በዚያ ሰሞን ትንፋሽ የሰጠን የባለሙያ ድምፅ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አታላይ አየለ በየሬዲዮውና በየቴሌቪዥኑ እየቀረቡ ሲያስረዱ ሰው ሥራውን ትቶ ይሰማ ነበር። ባለሙያዎቹ ከነገሩን መሃል ሁለቱ ነገሮች ለእኔ ትልቅ ነበሩ። አንደኛው፣ ከመሬት በታች የቀለጠ ዓለት እየገፋ ስንጥቅ ስለሚከፍት ነው ተደጋግሞ የሚንቀጠቀጠው። ሌላው ደግሞ መንቀጥቀጥ የት የት ሊደርስ እንደሚችል ማወቅ ቢቻልም ቀኑንና ሰዓቱን ቀድሞ የሚናገር ሳይንቲስት በየትኛውም አገር የለም። ይህን ያወቀ ሰው የ8 ሰዓቱን ወሬ ሰምቶ ሕፃን ይዞ ብርድ ላይ አያድርም።

ቅር የሚለኝ ይሄ ሁሉ እውቀት መሬቱ ከተንቀጠቀጠ በኋላ መምጣቱ ነው። የጂኦሎጂ ሰዎች በስምጥ ሸለቆው መሃል የሚያልፈውን የስንጥቅ መስመር «የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ» ብለው መጥራት ከጀመሩ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ሆኗቸዋል። ወንጂ እኮ እዚሁ አጠገባችን ናት። የአገሪቱ የሕንፃ ኮድም አዳማን ከፍ ያለ የመንቀጥቀጥ ስጋት ካለባቸው ቦታዎች መድቧታል። ሆኖም ቤት ሊሠራ ብሎኬት የሚያራግፈው ጎረቤቴ ይህን የነገረው ሰው የለም። የኮለኑን፣ ማለትም የምሰሶውን ብረት ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት፣ ስታፋ የሚባለው፣ በተለይ ምሰሶው ከአግዳሚው ቢም ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀረብ ቀረብ ተደርጎ መታሰር እንዳለበት፣ ላይኛውን ፎቅ በግድግዳ ሞልቶ ምድሩን ለሱቅ ክፍት አድርጎ መተው ሕንፃውን እግሩ ላይ ደካማ እንደሚያደርገው ማን ይንገረው? በዋናው መንገድ ዳር እንዲህ ያለ ሕንፃ ሞልቷል። ይህን የሚያስተምር መምህር ደግሞ እዚሁ ከተማ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ። ተማሪዎቹ ይሰሙታል። እኛም ብንሰማው ምን አለበት?

መሬት ሲንቀጠቀጥ ቢያንስ ጋዜጠኛ ወደ ምሁር ይደውላል። ቀስ ብሎ ለሚጎዳ ነገር ግን የሚደውል የለም።

ውሃችንን ውሰዱ። በእኛ አካባቢ ያደገ ሰው በጥርሱ ይታወቃል። ጥርሳቸው የበለዘ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ስንት ቆንጆ ልጆች አውቃለሁ። አንዳንዱ አይፍቅም ብሎ ይፈርድባቸዋል። ችግሩ የመፋቅ አይደለም። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ የፈጠረው ዓለት ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር አለው፣ ፍሎራይዱም ወደ ጉድጓድ ውሃ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ልጁ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ከዚያ በላይ ያለበትን ውሃ እየጠጣ ካደገ፣ ጥርሱ ሲበቅል ጀምሮ ነው የተበላሸው። ቀኑን ሙሉ ቢፍቀው አይለቅም።

ጉዳቱ ጥርስ ላይም አይቆምም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። ሠራተኞቹና ቤተሰቦቻቸው የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ነበር፣ ፍሎራይዱም ከፍተኛ። ለረጅም ዓመታት ከጠጡት መሃል ወገባቸው የደረቀ፣ አንገታቸው አልዞር ያላቸው፣ አከርካሪያቸው ነርቫቸውን ተጭኖ እግራቸው የደከመ ሰዎች ነበሩ። ይህን ካጠኑት አንዱ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ውስጥ ስለ ስምጥ ሸለቆው ውሃና ስለ በሽታው ጥናት አሳትመዋል። ያኔ የተወለደ ሕፃን ዛሬ የልጆች አባት ነው።

ዛሬ የአዳማ ከተማ የሚጠጣው ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ውሃ ነው፣ ተመስገን። ዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ግን አሁንም ጉድጓድ የሚጠጣ አለ። እነዚያ እናቶች ለልጃቸው ተጠንቅቀው ውሃውን ያፈላሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ እሱ ትክክል ነው። ፍሎራይድን ግን አያወጣም፣ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም በቀረው ውስጥ ይበዛል። አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ ጨምሮ ማዝቀጥ፣ ወይም ከተቃጠለ የከብት አጥንት በሚሠራ ማጣሪያ ማሳለፍ ነው የሚቀንሰው። ይህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ጀሪካን ተሸክማ የምትመጣው እናት ዘንድ ግን አልደረሰም፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

መምህራን ለምን ዝም እንደሚሉ ይገባኛል። ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር እየተባለ ዕድገት የሚገኘው ጆርናል ላይ በወጣ ጽሑፍ ነው፣ ሬዲዮ ላይ ለተናገረ ማን ነጥብ ይሰጣል? ደግሞም ተናግረህ ግማሹ ተቆርጦ የማታውቀው ርዕስ ተለጥፎበት ሊዞር ይችላል። የሚነካካ ጉዳይ ከሆነ የእገሌ ወገን ነህ መባል አለ። ይህን ቀላል ነው አልልም። ግን የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ፣ ቁጥር 1152/2011፣ የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን ነው ያስቀመጠው። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚል አገራዊ ፖሊሲም አለ። መልካም ነው። ሃያ ገጽ እንግሊዝኛ ለጎረቤቴ ሲከፈት ግን ምን ይጠቅማቸዋል? አንድ ገጽ በኦሮምኛ፣ አንድ ገጽ በአማርኛ ይጨመርበት። ዲኖች ደግሞ ለዕድገት ሲቆጥሩ ይህንንም ይቁጠሩለት።

አንድ ነገር ልጨምር። ስትናገሩ የራሳችሁን ሙያ ተናገሩ። ፕሮፌሰር ስለተባለ ብቻ ስለ ኢኮኖሚውም ስለ ክትባቱም ስለ ታሪኩም የሚጠየቅና የሚመልስ ሰው ሲበዛ ሰው ማንን እንደሚያምን ይጠፋዋል። የማይታወቀውን ደግሞ «ይህን ገና አናውቅም» በሉን። የሰዓት ወሬ የሚያወራው ሰው እንዲህ ብሎ አያውቅም፣ እኛም ሁለታችሁን የምንለየው በዚህ ነው።

እድራችን በወር አንድ እሑድ ይሰበሰባል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን እስኪጠራችሁ አትጠብቁ፣ ግማሽ ሰዓት እንሰጣችኋለን። ፓወር ፖይንት አያስፈልግም። ጥያቄ አለን። ከከተማው ወጣ ብለው ዘመዶቻችን የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ ተለክቷል ወይ? ከተለካ ስንት ነው? ካልተለካ ውሃውን በምን ይዘን ወዴት እናምጣው? ምድሩን ለሱቅ ለቅቆ ፎቅ የሠራ ሰውስ አሁን ምን ቢያደርግ ይሻለዋል?